የሳይንስ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከጨው እስከ ውኃ

ክሪስታል ሲባል የብርጭቆ ዕቃ የሚመጣባችሁ ወላጆች ብዙ ናችሁ። ክሪስታል ማለት ግን ቅንጣቶቹ በሥርዓት የተደረደሩለት ጠጣር ነገር ነው፤ ወጥ ላይ የምትነሰንሱት ጨውም ክሪስታል ነው። «ጨው ሲያደርቁ ዓመቱን ጨረሱ» የሚለው ወሬ ሳይቀድመኝ ልጻፍ ብዬ ነው።

መነሻችን መስከረም 28 የሰማነው ዜና ነው። የኬሚስትሪ ኖቤል ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለኦማር ያጊ ተሰጠ። እንደ መዳብና ዚንክ ያሉ የብረታ ብረት አዮኖችን (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን አቶሞች) በካርቦን ሞለኪውሎች እያያያዙ፣ ውስጡ ባዶ ክፍል ያለው ክሪስታል መንደፍ ችለዋል። የያጊ ሰዎች በአሪዞና በረሃ እንዲህ ያለውን ክሪስታል ሌሊት ከአየር ላይ ውኃ አስይዘው፣ ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው ውኃውን ሰብስበዋል። የአንገረብ ግድብ ውኃ ሲጎድል ጀሪካን ይዞ ለተሰለፈ የጎንደር ልጅ ይህ ተረት አይደለም።

ሮብሰን በ1974 (እ.ኤ.አ.) ለተማሪዎቹ የእንጨት ኳስ አቶም ሲያሠራ ዘንግ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች የት የት እንደሚበሱ ማስላት ነበረበት። ይህን ሳነብ አራዳ ያሉት አናጺ ትዝ አሉኝ። አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። ከትርፍራፊ እንጨት ኳስ አወጡልን፤ በትራፓኖ አራት አራት ቀዳዳ በሱልን። የመጀመሪያዎቹ በግምት ስለተበሱ ዘንጎቹ አልገጣጠም አሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ዝም ብላ ካርቶን ቆርጣ በ109.5 ዲግሪ መለኪያ ሠራች፤ አራቱ ቀዳዳዎች እኩል የሚራራቁበት ማዕዘን ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ማንም ግፊት ቅርጹ እየተገጣጠመ ሄደ። አናጺው ሥራቸውን አቁመው «ይሄ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?» ሲሏት፣ «ውኃ የሚጠጣ ቤት ነው ጋሼ» አለች። ሂሳብ አልተቀበሉንም። እኔም ወደ መንገዱ ዞር አልኩ፤ አቧራ ገባብኝ ልበል።

የሐሙስ ስብሰባዎቹ እንደወትሮው ነበሩ። የኮፐር ሰልፌት ክሪስታላችን ግን አላደገም። ቤተ ሙከራው ቁልፍ ስለሌለው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ብርጭቆዎቹን ታጥበው ተደፍተው አገኘናቸው። ያጠበውን አልወቅስም፤ ንጹሕ አድርጎ ነበር። ማልያ ሁለት ጊዜ የተገዛበት ዓመት መሆኑን ግን አስታውሳለሁ። አልቀናሁም፤ መቁጠር ግን እችላለሁ።

ለ2019 የምንጠይቀው የሚቆለፍ ቁም ሣጥንና አንድ ዲጂታል ሚዛን ነው። የእንጨቱ ሞዴል ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ተንጠልጥሏል፤ ማየት የሚፈልግ ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ይምጣ።