ከእማዬ ፊት የማይነበብ

ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበርከው ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብዬ እንደ ልማዴ ልጀምር ነበር፤ ዛሬ ግን ደህና ነኝ የሚለውን ቃል ስጽፈው እጄ እንቢ አለኝ። «የእህትህን ሠርግ ንቀህ ነው ወይስ ለቲኬቱ ሳስተህ?» ብለህ የላክልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልናቅሁም፤ አልሳሳሁምም። ሰባት ወር ሙሉ ካሜራውን እየዘጋሁ የማወራችሁ ኔትወርኩ አስቸግሮ ሳይሆን እንዳታዩኝ ብዬ ነው። ይህን ብቻህን አንብበው፤ ለእማዬ የሚነበበው በሌላ ወረቀት ተጽፎ አብሮ ተልኳል።

መጋቢት ውስጥ እዚህ አሜሪካ ሌሊት ምግብ ሳደርስ አንድ መኪና መስቀለኛ መንገድ ላይ ከነሞተሬ ገጨኝ። የግራ ቅልጥሜ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳዬን ቀዶ ወጣ። አንተ ጥቁር አንበሳ በየቀኑ የምታየው ስለሆነ በሙያችሁ ቋንቋ ልንገርህ፤ ጉስቲሎ ስሪ ቢ የምትሉት፣ አጥንቱን የሚሸፍነው ሥጋ የጠፋበት ክፍት ስብራት ነው። እግሩን ቆርጠው ሊጥሉት ነበር፤ ሆኖም ቀዶ ሐኪሙ ማትረፍ ይቻላል ብሎ መጀመሪያ ከውጭ በብረት አሰረኝ፤ ከዚያም ከጭኔ ላይ ቆዳና ሥጋ ከነደም ሥሩ አንስቶ፣ ሥሮቹን በማይክሮስኮፕ እያየ ከቅልጥሜ ሥሮች ጋር ሰፍቶ አጥንቱን አለበሰው። እማዬ ብትሰማ ወጌሻ ሳያየው ለምን ነኩት ባለች ነበር።

ችግሩ የመጣው በሁለተኛው ሌሊት ነው። የተተከለውን ሥጋ በየሰዓቱ እየመጡ ቀለሙን ያያሉ፣ ሙቀቱን በእጃቸው ይዳስሳሉ፣ የደሙን ድምፅ በትንሽ መሣሪያ ያዳምጣሉ። የሌሊቷ ነርስ በየተራው ባትሪ እያበራች «ቀለሙ ጥሩ ነው» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ውስጡ ሲወጠር ይሰማኝ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ተረኛ የሆነችው ሌላዋ ነርስ ቀለሙን ማየት ትታ በመርፌ ጫፍ ስትነካው ጥቁር ደም ፈጥኖ ፈሰሰ፤ ደሙ ይገባል፣ መውጫው ግን ተዘግቷል ማለት ነው። ወዲያው መልሰው ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቡኝ፤ ሆኖም ግማሹ ሞቶ ስለነበር ተነሣ፤ ኢንፌክሽንም አጥንቱ ውስጥ ገባ። ያ ሌሊት ሦስት ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና አስከትሎብኛል። የመጀመሪያዋ ነርስ ጠልታኝ ነው አልልም፤ ውሃ ታጠጣኝ፣ ትራሴን ታስተካክልልኝ ነበር። ነጭ ቆዳ ላይ ደም ሲታጎር ወይን ጠጅ ሆኖ ይታያል፤ እኔ ላይ ግን ጥላ ያጠላ ይመስላል፤ ዓይኗም የሠለጠነው በሌላ ቆዳ ላይ ነው።

ሆስፒታል የገባሁ ዕለት በሞሉልኝ ቅጽ ላይ «ጥቁር» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። እቤት «ጠይሙ» ስባል ያደግሁ ሰው፣ ቀይና ቀይ ዳማ ተባብለን የምንቀላለድ ሰዎች፣ እዚህ ሁላችንም አንድ ሣጥን ውስጥ እንገባለን። ያኔ ቁም ነገር አልመሰለኝም ነበር። ኋላ ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ሴትዮ፣ እሷም ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ አንድ የታተመ ጥናት አነበበችልኝ። በስምንት ታላላቅ የአደጋ ሕክምና ማዕከላት እንደ እኔ እግራቸው ክፉኛ የተጎዳ 569 ሰዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ነው። እግራቸው የተቆረጠውም የተጠገነላቸውም ከሁለት ዓመት በኋላ በኑሯቸው ያን ያህል አልተለያዩም፤ ከሁለቱም ወገን ወደ ሥራ የተመለሰው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ልዩነት ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ነጭ አለመሆን፣ ድህነት፣ አነስተኛ ትምህርት፣ የግል ኢንሹራንስ ማጣት፣ ሲጋራ፣ ተመልሶ ሆስፒታል መግባት፣ አይዞህ የሚል ሰው ማጣት። እሷ ስታነብ እኔ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ከሲጋራውና ከትምህርቱ በቀር ሁሉም እኔ ላይ አለ።

ቆዳው ራሱ አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋል ማለት እንዳይመስልህ፤ ከቆዳው ጋር ተያይዞ የሚመጣው ነው። አትላንታ ውስጥ በአንድ ድንገተኛ ክፍል አጥንታቸው ተሰብሮ የመጡ ሰዎች ተቆጥረው፣ ከነጮቹ 74 በመቶው የሕመም ማስታገሻ ሲያገኙ ከጥቁሮቹ ያገኙት 57 በመቶው ነበሩ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ነው። በእኔ በኩል ግን ጥፋቱን ሁሉ በእነሱ ላይ መጣል ይከብደኛል። ሕመምህን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጠር ሲሉኝ ጥርሴን ነክሼ አራት እል ነበር። ሰው ፊት አሥር ማለት ነውር መሰለኝ፤ አስተዳደጋችንን ታውቀዋለህ። አራት ያለ ሰው የአራት መድኃኒት ይሰጠዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ አትጨነቅ፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ያለ ሕግ ድንገተኛ ሕመምተኛን መክፈል አትችልም ብለው እንዳይመልሱ ሆስፒታሎቹን ያስገድዳል። ሕጉ ግን አደጋውን እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይመለከትም። መራመድ የሚያስተምሩኝ ቀጠሮዎች ተቆጥረው የተሰጡ ናቸው፤ ለአንዱ ቀጠሮ ሁለት አውቶቡስ በክራንች ስለምቀያይር ያለፉኝም አሉ፤ የቀረ ሰው ደግሞ መዝገቡ ላይ «ለሕክምናው ግድ የለሽ» ተብሎ ይጻፍበታል። የእኔም መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ አይቼዋለሁ።

ከሁሉ የከነከነኝ ያ የመጨረሻው ነው፤ ሰው ማጣት። ሴትዮዋ «ቤተሰብ አለህ?» ስትለኝ ዝም አልኩ። የለኝም እንዳልል እናንተ አላችሁ፤ አለኝ እንዳልል ማንም አያውቅም። ከዝርዝሩ ውስጥ በገዛ እጄ የጨመርኩት እሱን ብቻ ነው። የደበቅሁት እማዬን ለማትረፍ ብዬ ነው፤ ስኳሯ ከፍ ባለበት ወቅት ይህን ብትሰማ ምን ልትሆን እንደምትችል ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ከውጭ የሚልክ ወንድም ሆኜ ከራስ መኮንን ድልድይ በታች የተከበርኩበትን ስም መጣል አልፈለግሁም። ገንዘቡ ያነሰባቸውን ወራት እንዴት እንደተረጎማችኋቸው ይገባኛል፤ ቢሆንም አንድም ወር አልዘለልኩም፤ ይህን መዝግብልኝ።

መልእክተኛው 400 ዶላር ይሰጥሃል፤ ለሙሽሪት ነው፤ መልሼ እንዳልሰማው። ጥር 17 ቀን ያለእኔ ስትዳር ማን ተሸክሟት ወደ መኪናው እንደሚያስገባት ሳስብ ሆዴ ይባባል። ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት በጀርባዬ አዝዬ ያንን ዳገት ስወጣ አሁን እዚህ ያለው እግሬ አንድ ጊዜም አልዛለም ነበር። የሰፈሩን መንገድ በፎቶ አየሁት፤ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ ተሠርቷል፤ ለክራንች የሚመች ነው ብዬ ሳስብ ራሴን ያዝኩት። ለእሷ ምንም አትንገር፤ በሠርጓ ሰሞን ልቧ አይከፈል።

ራጁን ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ፤ እንደ ወንድምህ ሳይሆን እንደ በሽተኛህ እየውና ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፍልኝ እንደሆነ ሳትሸነግል ጻፍልኝ። ለእማዬ መቼ እንደሚነገራት አንተ ወስን። ብቻ በ23 ጊዮርጊስ ልትሳለም ስትወጣ አትንገራት፤ ዳገቱን እያለቀሰች ትወጣዋለች።

ወንድምህ