ጓንቶቹን ለበስኳቸው

ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ልጆቹስ? ድፍን ሁለት ዓመት ዝም አልኩህ። ተቀይሜህ አይደለም። ጓንቶቹን የላክልኝ ጊዜ ሳልደውልልህ ቀረሁ፣ ቀኑ ሲገፋ አፈርኩ፣ ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ መደወሉ ይበልጥ ከበደኝ። ይቅር በለኝ።

መጀመሪያ ሳያቸው «ሹፌር ደግሞ ጓንት ምን ያደርግለታል» ብዬ የጋቢናው መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳቸው። ለካ ፈረንጆቹ መሳቢያውን ራሱን የጓንት ሳጥን ነው የሚሉት! ድሮ መኪና ጣሪያ ሳይኖረው፣ መሪውም እንጨት ሳለ፣ ብዙ ሰው በጓንት ነበር የሚነዳው።

ዓይኔን የገለጠችልኝ ባለቤቴ ናት። ለፋሲካ ቤት ገብቼ ቡና እየጠጣን ሁለቱን እጆቼን ጉልበቷ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችና «ይሄ የአንድ ሰው እጅ ነው?» አለችኝ። ግራው ጠቁሯል፣ ጀርባው ተጨማዶ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ቀኙ ደህና ነው። ስንት ዓመት በጅቡቲ መስመር ስመላለስ በመስኮቱ በኩል ያለው ግራው ነዋ።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የፊት መስታወቱ ድርብ ነው፣ መሀሉ ላይ ፕላስቲክ ስላለው ቆዳ የሚያስረጀውን ጨረር አብዛኛውን ያስቀረዋል፣ የጎኑ ግን ከሱ ይልቅ ብዙ ያሳልፋል አለኝ። እኔ መስኮት ዘግቼ ኤሲ ከከፈትኩ ፀሐይ የማይነካኝ ይመስለኝ ነበር። እናንተ አገር አሜሪካ፣ በፈረንጆቹ 2012 አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የ69 ዓመት ሰው ፎቶም አሳየኝ። 28 ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። የፊቱ ግራ በኩል ብቻ ተሸብሽቦ የሌላ ሽማግሌ ፊት ይመስላል። አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ አዋሽን ካለፍኩ ጓንቶቹን አደርጋቸዋለሁ። ጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ መኪናው ፀሐይ ላይ ይውልና መሪው እንደ ምጣድ ይግላል፣ ድሮ ፎጣ አርጥቤ ነበር የምይዘው። አሁን ገብቼ ማስነሳት ነው። አዳማ ስደርስ አየሩ ቀለል ይላል፣ አወልቃቸዋለሁ።

ግን ሁሉም ጓንት አይሆንም፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምነግርህ። አንድ ጊዜ ጎማ ቀይሬ በዚያው በወፍራሙ የሥራ ጓንት ነዳሁ። ግሪስ ነክቶት ስለነበር መሪው ከእጄ ሸተት ሲል ልቤ ቀጥ አለ። ደግሞ የፊት ጎማ ንፋስ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚነግርህ መሪው ነው፣ ወፍራም ጓንት ይሄን ይደብቅብሃል። የሱፉም ያንሸራትታል። አንተ የላክልኝ ስስ ቆዳ፣ እጅ ላይ ልክክ የሚለው፣ እሱ ነው ደጉ።

አንተስ በሚኒሶታ ብርድ ምን አድርገህ ነው የምትነዳው? የግራ እጅህንም እስቲ ከቀኙ ጋር አስተያየውና ፎቶ ላክልኝ። ረዳቴ አሁን መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፣ የሚመጣ ሰው ካገኘህ ለሱም አንድ ጥንድ፣ እጁ ከኔ ትንሽ ይሰፋል። እሁድ ማታ እደውልልሃለሁ።