በነፃ የተባለው የቃላት ማረሚያ ፈቃዱ የት አለ?

ደብረ ማርቆስ

ለ፦ የአማርኛ ቃላት ማረሚያ ሶፍትዌር አዘጋጅ ድርጅት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያለ ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ስለተሰራጨ ሶፍትዌር የቀረበ ቅሬታ

ጤና ይስጥልኝ።

እዚህ ደብረ ማርቆስ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ ለትምህርት ቤቶች የሚሆኑ የኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራሞችን ፓኬጆች አሰባስባለሁ። ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት ዴቢያን በሚባል ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ኢንተርኔት ስለሚያስቸግር ስብስቡን በፍላሽ ጭነን ደጀንም አማኑኤልም እንልካለን።

የእናንተን ማረሚያ ያገኘሁ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ተማሪ የተሳሳተውን ቃል ከሥሩ በቀይ ያሰምርለታል። ድረ ገጻችሁም "በነፃ ያውርዱ" ይላል። አወረድኩት። ዚፑን ስፈታው ግን ላይሰንስ የሚባል ፋይል የለም። "አንብቡኝ" የሚለው ውስጥ ያለችው አንድ መስመር ናት፦ "ለሁሉም በነፃ"። ፕሮግራሙ ሲከፈት ደግሞ ከግርጌ "መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው" ይላል። የቱን ልመን?

"በነፃ" እና "ነፃ" አንድ አይደሉም። በነፃ ማለት ገንዘብ አልጠየቃችሁም ማለት ነው። ነፃ የሚሆነው መቅዳት፣ ማሻሻልና ለሌላ ማስተላለፍ ሲፈቀድ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንደ መጽሐፍ ጥበቃ አለው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ አባዝቼ ላድል አልችልም።

ስደውል "ችግር የለውም፣ ተጠቀሙበት" ተባልኩ። ለቅንነታችሁ አመሰግናለሁ። ግን ከእኔ ተቀብሎ ሞጣ ላይ የሚጭነው መምህር ምን ይዞ ይከራከራል? በእኛ አገር እኮ መሬት ለእኩል ሲሰጥ እንኳ ምስክር ይቀመጣል። የጽሑፍ ፈቃድ ሁለት ጊዜ በኢሜይል ጠየቅኩ። ሦስት ወር አለፈ፣ መልስ የለም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። አንዱን ፎልደር ስከፍት የሌላ ሰው ኮድ አገኘሁ። አናቱ ላይ የጸሐፊው ስምና "ጂፒኤል ሥሪት 3" የሚል ማስታወቂያ አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ የነፃ ሶፍትዌር ላይሰንስ የሚጠይቀው ግልጽ ነው። ኮዱን ከራሱ ፕሮግራም ጋር አዋህዶ የሚያሰራጭ ሙሉውን በዚያው ላይሰንስ ይልቀቅ፣ ሶርስ ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ) ይስጥ፣ የላይሰንሱንም ጽሑፍ አብሮ ያያይዝ ነው የሚለው። የእናንተ ክፍል ግን ሶርስ ኮዱ ሳይሰጥ ተዘግቶ ነው የመጣው። ያ ሰው ለድካሙ የጠየቀው ዋጋ ይኸው ብቻ ነበር፤ እሱንም ነፈጋችሁት።

ስለዚህ ወይ ፕሮግራሙን በጂፒኤል 3 ልቀቁት፣ ወይ ያንን ኮድ አውጥታችሁ በሌላ ተኩት። ከተካችሁትም የራሳችሁን ላይሰንስ ሙሉ ጽሑፍ ዚፑ ውስጥ አስገቡ። "ለንግድ አይውልም" የሚል ገደብ ካስገባችሁበት ግን የዴቢያንን የነፃ ሶፍትዌር መመሪያ አያልፍም፤ እኛም የምንከተለው እሱን ነው። ማረሚያው የሚጠቀምበትን የቃላት ዝርዝር ከየት እንደሰበሰባችሁትም ግለጹልን።

ለመጪው የትምህርት ዓመት የሚላከው ስብስብ ከጳጉሜን በፊት ይዘጋል። እስከዚያ ቦታውን ይዤላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የፓኬጅ ስብስቡ አስተባባሪ