የአያትሽን ድንጋይ ከመሳልሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል። የአያትሽን የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ አንቺ እንድትስይው ስጠይቅሽ ሳታመነቺ እሺ በማለትሽ ተመስገን ብያለሁ። አክስቶችሽ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ድንጋዩ ቆሞ ማየት ይፈልጋሉ፤ ታላቋማ ከአንድ ሱቅ ማውጫ መርጣ ሥዕሉን ልካልኛለች። የተወለወለ ጥቁር ግራናይት ነው፤ ፎቶግራፍ በሌዘር ይታተምበታል፣ ጥጉ ላይ ርግብ፣ ዙሪያውን ጽጌረዳ። ዋጋውም አይከፋም። እኔ ግን አልተቀበልኩትም። ምክንያቴን በስልክ ጀምሬ እንደማልጨርሰው ስለማውቅ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

እንጀራዬ መቃብር ውስጥ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሣር አጭዳለሁ፣ የዘመመውን አቀናለሁ፣ ሻጋታ የወረሰውን አጥባለሁ። እዚህ ማሳቹሴትስ ገጠር ውስጥ ጠያቂ ዘመድ ካጡ ሰዎች ስም ጋር የሚውል ሰው፣ ከጊዜ በኋላ የሟቹን ስም ትቶ የጠራቢውን እጅ ማንበብ ይጀምራል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፤ ድንጋዮቹ የያዙት እሱን ነው።)

በዚህ አገር ገጠር ከሁሉ የሚያረጁት የመቃብር ድንጋዮች ስስና ጥቁር የሆኑ ሰሌዳ ድንጋዮች ናቸው። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ዝናብና በረዶ ወርዶባቸው ፊደላቸው ገና ትናንት የተቆረጠ ይመስላል። በአናታቸው ላይ ጥንት ክንፍ ያለው የራስ ቅል ይቀረጽ ነበር። ቀስ በቀስ የራስ ቅሉ ሥጋ ለበሰና የኪሩብ ፊት ሆነ። ወደ 1800 ሲቃረብ ደግሞ ሁለቱም ቀሩና ዕንስራ የመሰለ የአመድ ማኖሪያና ቅርንጫፉን የደፋ የአኻያ ዛፍ መጣ። የባቢሎን ምርኮኞች መሰንቆአቸውን የሰቀሉበት ዛፍ ነው ብንላቸው፣ ዳዊት ሳይደግሙ የማይውሉት አያትሽ ከራስ ቅሉ ይልቅ ይህን ይመርጡ እንደነበር አልጠራጠርም።

ይህን ሁሉ የሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ በገጠር የሚኖሩ ነበሩ፤ ድንጋይ መጥረብ ብቻውን ስለማያኖር ያርሳሉ፣ ይገነባሉ፣ አናጢም ይሆናሉ። አኻያውንና የጠርዙን ጌጥ አስቀድመው ቀርጸው ያስቀምጣሉ፤ ሰው ሲሞት ስሙን ብቻ ይጨምሩበታል። ከባዱን ድንጋይ በክረምት በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ማጓጓዝ ይቀላል። ጠጋ ብለሽ ካየሽ ፊደሉ እንዳይዘም በመርፌ የጫሩት መስመር ዛሬም አለ። ቃሉ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቦታ አልቆባቸው የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት አሳንሰው ከላይ የሰቀሉም አሉ። የዘለሉትን ፊደል በሁለት ፊደላት መካከል ምልክት አድርገው ያስገቡም አሉ። አለቃዬ እነዚህን እያሳየ ይስቃል። እኔ ግን እወዳቸዋለሁ፤ ሰውየው ቆሞ ራሱን ሲያክ ይታየኛል።

ስማቸውን ግን አትጠይቂኝ። አብዛኞቹ አልፈረሙም፤ የፈረሙትም ብዙ ጊዜ ከታች፣ ሣርና አፈር በሚሸፍነው ቦታ ላይ ነው። የዘመመ ድንጋይ ለማቅናት ስንቆፍር የጠራቢው ስም ብቅ ሲል ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ያን ጊዜ ነው። የዎርስተሯ ወይዘሮ ሃሪየት ፎርብስ በ1920ዎቹ የቀደሙትን ጠራቢዎች ስም ያገኙት በሌላ መንገድ ነበር። የሟቾችን የውርስ መዝገብ እያገላበጡ «ለመቃብር ድንጋይ ለእገሌ ተከፈለ» የሚለውን መስመር ለቀሙ፤ ያንን ስም ይዘው ወደ ድንጋዩ ሄዱ። የቀብር ወጪ ሂሳብ የማን እጅ እንደሆነ መሰከረ ማለት ነው።

ስማቸው በደንብ ከሚታወቁት መካከል እንደ ባርትሌት አዳምስ ያሉ የከተማ ሰዎች አሉ፤ በ1800 በሜይን ግዛት በፖርትላንድ ሱቅ ከፍቶ እስከ ሞተበት እስከ 1828 ድረስ ሠርቷል። ከሁሉ በላይ በልቤ የቀረው ግን ከእሱ የሚቀድም ሰው ነው። በሮድ አይላንድ፣ በኒውፖርት፣ የስቲቨንስ ቤተሰብ የድንጋይ ሥራ ቤት ውስጥ በባርነት የነበረ ፖምፒ የሚባል አፍሪካዊ ጠራቢ ነበር። በ1768 ለሞተው ለወንድሙ ለኩፊ ጊብስ ድንጋይ ጠርቦ፣ ይህን ድንጋይ የቆረጠው ፖምፒ ስቲቨንስ መሆኑን እዚያው ፊት ለፊት ጻፈበት። ሌሎቹ ከአፈር በታች የሚደብቁትን ስም፣ የራሱ ገላ እንኳ የራሱ ያልሆነ ሰው ከላይ አወጣው። የሥራ ቤቱ በ1705 የተቋቋመ ሲሆን እስከ ዛሬ ይሠራል። እዚያ ፊደሉን በድንጋዩ ላይ በብሩሽ ይጽፉትና በመዶሻና በመሮ ተከትለው ይቆርጡታል። አንቺ ብርዕ ቆርጠሽ ፊደል ስለምትጽፊ ለምን እንደምነግርሽ ይገባሻል።

ከዚያ የነጭ እብነ በረድ ዘመን መጣ። የቦስተን የቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢዎች በሬሳ ስለሞሉና ከእነሱ የሚወጣው አየር በሽታ ያመጣል ተብሎ ስለተፈራ፣ ጄከብ ቢግሎ የተባለ ሐኪም ባነሳው ሐሳብ በ1831 ማውንት ኦበርን ተከፈተ፦ ከከተማ ወጣ ያለ፣ ዛፍ፣ ኮረብታና ኩሬ ያለው መቃብር። ፊላደልፊያ በ1836፣ ብሩክሊን በ1838 ተከተሉ። ለሕዝብ የሚሆን መናፈሻ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ሰው ሁሉ ለሽርሽር ወደ መቃብር ይሄድ ነበር። ቦታው ሰፊ ስለሆነ ሐውልቱም ትልቅ ሆነ፤ ፋሽኑ ወደ ገጠር ወረደ፤ የቨርሞንት የእብነ በረድ ካባዎችም በባቡር የየመንደሩን ጠራቢ ይመግቡ ጀመር። እብነ በረድ ለመሮ ይታዘዛል፤ ስለዚህ ጠራቢው ለሞተ ሕፃን የተኛ በግ፣ ለባልና ሚስት የተጨባበጡ እጆች፣ ለአማኝ ወደ ሰማይ የሚጠቁም ጣት ቀረጸ። በተጨባበጡት እጆች ላይ እጅጌውን ተመልከቺ፤ የሴቷ እጅጌ ዳንቴል አለው።

ችግሩ እብነ በረድ ዝናብ አይችልም። የዝናቡ ትንሽ አሲድ፣ ከከሰል ጭስ ጋር ሲደመር፣ ድንጋዩን ፊቱን ይፈታዋል፤ በእጅ ሲነኩት እንደ ስኳር ይረግፋል። በጎቹ ዛሬ ፊት የላቸውም። በብረት ብሩሽ ወይም በበረኪና የሚያጥብ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፣ ድንጋዩ የሚፈረካከስ ከሆነ ደግሞ አለመንካት ነው። የጠፋ ጽሑፍ ማንበብ ከፈለግሽ መስታወት ይዘሽ የፀሐይን ብርሃን ከጎን አስተኝተሽ ላኪበት፤ ሙት የመሰለው ስም ይነሳል።

የአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት ሥራውን ከመንደሩ ጠራቢ እጅ ወሰደው። ለሞቱት የሰሜን ወታደሮች ምክር ቤቱ በ1873 አንድ ዓይነት የእብነ በረድ ድንጋይ እንዲቆም ገንዘብ ሲፈቅድ፣ በመሮ ቢሠራ ዘመን ይፈጅ ነበር። ቨርሞንት ውስጥ ያለ አንድ ኩባንያ ፊደሉን በአሸዋ ግፊት፣ ማለትም በኃይል በሚረጭ አሸዋ፣ ቆረጠው። ዘዴውን በ1870 ያስመዘገበው ቤንጃሚን ቲልማን ራሱ በዚያ ጦርነት የጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦር አዛዥ የነበረ ሰው ነው። ዛሬም የአሜሪካ መቃብር ብዙው የሚጻፈው በአሸዋ ግፊት ነው። ከኮኔቲከቷ ከተማ ከብሪጅፖርት የሚላክ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የዚንክ ሐውልትም ነበር፤ ከማውጫ ይታዘዛል፣ ሲያንኳኩት እንደ ቆርቆሮ ይጮሃል። መልኩ አላረጀም፤ እኔ ግን አልወደድኩትም።

በመጨረሻ ግራናይት። ባሪ የምትባለው የቨርሞንት ከተማ ባቡር በ1875 ሲደርሳት ከስኮትላንድ አበርዲን፣ ከጣሊያን ካራራ ጠራቢዎች ጎረፉባት። የሠሩትን ሆፕ በሚባለው መቃብር ሄዶ ማየት ነው፤ ግራናይቱ ሸሚዝ ሆኖ ይተጣጠፋል። እዚያ ኤሊያ ኮርቲ የተባለው ጠራቢ በራሱ ልክ ተቀርጾ፣ የሥራ መሣሪያዎቹ አጠገቡ ሆነው ተቀምጧል። በ1903 በሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ ሶሻሊስቶችና አናርኪስቶች ሲጣሉ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ የቀረጹት የሥጋ ዘመዶቹና የሙያ ጓደኞቹ ናቸው። የብዙዎቹ ጓደኞቹ ሞት ግን ከጥይት ይልቅ ከአቧራ የመጣ ነው። በመሮና በመዶሻ ፈንታ በአየር ግፊት የሚሠራው መሣሪያ ሲመጣ ሥራው ፈጠነ፣ የድንጋዩ ብናኝም እጅግ ደቀቀ። ክረምት በርና መስኮት ተዘግቶ ይሠራል። ሲሊኮሲስ የሚባለው የድንጋይ ብናኝ በሽታ ሳንባቸውን አደነደነው፤ ሳንባ ነቀርሳም ተከተለው። ሰው የራሱን ሐውልት ለመጥረብ የሚተርፈው ዘመን እንደሌለው እያወቀ የሌላውን ይጠርባል። አቧራውን የሚመጥ ማሽን በሥራ ቤቶቹ በሙሉ የተገጠመው በ1930ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ብዙ ሴቶች እስከዚያ ባል ቀብረው ነበር።

እንግዲህ የምፈልገው ይህ ነው። ግራጫ ግራናይት ወይም ሰሌዳ ድንጋይ ይሁን፤ እብነ በረድ አይሁን። ግራናይት ከመረጥን ሻካራ ቅንጣት ስላለው ቀጭን ነገር ይፈረፈርበታል፤ የፊደላችንን ቅጥያ፣ የ«ኑ»ን የጎን ጭረትና የ«ሌ»ን ቀለበት አወፍሪው። ለግዕዝ ቁጥር ከላይና ከታች የምትሰምሪው መስመርም እንደዚያው። ሰሌዳ ድንጋይ ከሆነ እጅሽን ፍቺ፣ ሁሉን ይሸከማል። ጠራቢው ፊደላችንን ስለማያውቅ በኮምፒውተር የተጻፈ አትላኪለት፤ በድንጋዩ ትክክለኛ ልክ ወረቀት ላይ ስለሽ፣ ላይኛውን ጫፍ በቀስት አመልክተሽበት ይሁን። በላዩ ላይ መስቀል፣ ስማቸው፣ የክርስትና ስማቸው፣ በእኛ አቆጣጠር የተወለዱበትና ያረፉበት ዓመት ይበቃል። ፎቶግራፉ ቤት ግድግዳ ላይ ይኑር፤ አክስትሽን እኔ አነጋግራታለሁ።

ሥራ ቤቱን ስታነጋግሪ አቧራ መምጫው የት እንዳለ ጠይቂ። የሚያሳይሽ ካጣሽ ሌላ ቤት እንፈልጋለን፣ ዋጋው ቢጨምርም። ጠራቢው መፈረም ከፈለገ ይፈርም፣ ከታች ሳይሆን በጎን፣ ሣር በማይሸፍነው ቦታ። የድንጋዩ መሠረት የሚፈሰው መሬቱ ሳይቀዘቅዝ ስለሆነ ወረቀቱ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እጄ ይግባ። የክርስትና ስማቸውን በየትኛው «ጸ» እንደምንጽፈው ደግሞ የንስሐ አባታቸውን ጠይቄ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ ቦታውን ክፍት ተዪው።

አባትሽ