እንደገና አመለከትኩ፣ ተቀበሉኝ

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ? ትንሿ ልጅሽስ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዝም ያልኩሽ የምነግርሽ ነገር እስኪጨበጥ ስጠብቅ ነው። አሁን ተጨብጧል። ያ ያልተቀበለኝ የአሜሪካ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ለኤምቢኤ፣ ማለትም ለቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ፣ ተቀብሎኛል፤ የክፍያውን ግማሽም ይሸፍንልኛል። እልል በይልኝ!

ያን ጊዜ ለምን እንዳልተቀበሉኝ አልጻፉልኝም። አንቺ ግን የማመልከቻ ጽሑፌን አንብበሽ «ኢትዮጵያ አለች፣ አፍሪካም አለች፤ አንቺ የት አለሽ?» አልሽኝ። ጥያቄሽ ከአእምሮዬ ሳይወጣ ከረመ። እንደገና ለሚያመለክት ሰው ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከቀድሞው ማመልከቻ ወዲህ ምን እንደ ተለወጠ በአጭሩ እንዲጽፍ ይጠይቁታል። የእኔን መልስ ያገኘሁት እዚሁ በምሠራበት ባንክ፣ ብድር ክፍል ውስጥ ነው።

አንድ ደንበኛ ከይርጋጨፌ መጣ። የቡና መፈልፈያ ጣቢያ አለው። ገበሬው እሸቱን ለቅሞ ሲያመጣ በጥሬ ገንዘብ መግዛት አለበት፤ ገንዘብ የሚያስፈልገው በዚያች አጭር ወቅት ነው። መጋዘኑ ውስጥ ታጥቦ የደረቀ ቡና አለው፤ እኛ ግን የጠየቅነው የቤት ካርታ ነው። ካርታ የለውም። ደረሰኞቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቸው፤ የታጠፈውን ጫፍ በአውራ ጣቱ እያቃና። ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር መያዣ ማድረግ የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እኮ ከወጣ ቆይቷል! ሕጉ አለ። የጎደለው ቡናውን አስመዝኖ፣ ዋጋውን ገምቶ፣ አደጋውን አስልቶ «ይበደር» የሚል ባለሙያ ነው። እንዲህ ላለው ብድር የአሠራር መመሪያ በሚያረቅቀው ቡድን ውስጥ ካልገባሁ ብዬ አለቆቼን ነዘነዝኳቸው፤ ገባሁም። ለትምህርት ቤቱ የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ ስለ አፍሪካ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ጂማትንም፣ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተናውን፣ ደግሜ ተፈተንኩ። እንደ ፈረንጆቹ በ2023 መጨረሻ የመጣው አዲሱ ፈተና እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ የሚወስዱ 3 ክፍሎች አሉት፤ ጣሪያውም 805 ነው። ጂኦሜትሪው ወጥቷል፤ ያ ያሠቃየኝ የሰዋስው እርማትም እንዲሁ።

የድጋፍ ደብዳቤው ነገር ግን ይለያል። የአገራችንን ልማድ ታውቂዋለሽ፤ ትልቅ ሰው ዘንድ ትሄጃለሽ፣ «ራስሽ ጽፈሽ አምጪና እፈርምልሻለሁ» ይልሻል። ትምህርት ቤቶቹ የሚፈልጉት ግን ሥራሽን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ቅርብ አለቃዬ ሄድኩ። እርሱም «ራሴ ነኝ የምጽፈው» ብሎ ከሥራ በኋላ አስቀምጦ ሲጠይቀኝ አመሸ። ብድር ኮሚቴው ፊት የተከራከርኩበትን ቀን ከእኔ ይልቅ እርሱ ያስታውሰዋል። የሠራሽውን ያየልሽ ሰው እንዳለ ማወቅ እንዴት ደስ እንደሚል!

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። የቀረውን ክፍያ የምበደረው ያለ ዋስና ያለ መያዣ ነው፤ ለውጭ አገር ተማሪ የነገ ገቢውን ገምተው የሚያበድሩ ተቋማት አሉ። ቅጹን ስሞላ ያ የይርጋጨፌ ሰው ድቅን አለብኝ። እኔ ገና ባልተቀጠርኩበት ሥራ ደመወዝ ስታመን፣ እርሱ በመጋዘን ባከማቸው ቡና አልታመነም። መመሪያው ሳይጸድቅ እንዳልሄድ ቀን ከሌት የምሯሯጠው ለዚህ ነው።

የቪዛ ቀጠሮዬ በግንቦት ነው፤ በጸሎትሽ አስቢኝ። ከተሳካ ሐምሌ መጨረሻ ላይ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ሐዋሳ መጥቼ ልጅሽን ማቀፍ እፈልጋለሁና በሰኔ የትኛው ቅዳሜ እንደሚመችሽ ጻፊልኝ። ስልክሽ ተቀይሮ ከሆነም አዲሱን ቁጥር ላኪልኝ።

የምወድሽ ጓደኛሽ
ከአዲስ አበባ