ሰነድ ለማረጋገጥ ከመክፈላችሁ በፊት

ውድ እህቴ ሰናይት፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጌታቸውስ ደኅና ነው? ልጆቹስ ትምህርት ቤቱን ለመዱት? ስንት ጊዜ ተጠፋፍተን ዛሬ ደብዳቤ ሲደርስሽ እንደምትገረሚ አውቃለሁ። የተጠፋፋነው ኑሮ ይዞን እንጂ ፍቅሩ ጎድሎ አይደለም። ሜልበርን መግባታችሁንና ለቋሚ ቪዛ ወረቀት ማሰባሰብ መጀመራችሁን ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል። የሁለታችሁንም ሰነድ በሙሉ ጠበቃ ዘንድ በገጽ እየከፈላችሁ ልታስረጋግጡ ነው ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እባክሽ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ አንዲት ሳንቲም አትክፈሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት ላይ መስመር አስምሪና እያንዳንዱ ሰነድ ወደ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚሄድ ጻፊ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ያልጠየቀውን ያስረጋግጣል። ለቪዛው ማመልከቻ ሆም አፌርስ (የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚይዘው የአውስትራሊያ መሥሪያ ቤት) የሚፈልገው ከኦሪጅናሉ በቀጥታ የተነሣ ጥርት ያለ ባለቀለም ስካን ነው። ብዙ ገጽ ያለው ሰነድ በአንድ ፋይል ይታሰራል፤ አንዱ ፋይል ከ5 ሜጋባይት አይበልጥም። ጌታቸው መሐንዲስ ስለሆነ ሙያውን የሚገመግመው ኢንጂነርስ አውስትራሊያ ነው፤ እዚያም ከኦሪጅናሉ የተነሣ ባለቀለም ስካን ይበቃል። ስለዚህ የእሱ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕትና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ማኅተም ፍለጋ መዞር የለበትም። የአንቺ ጉዳይ ይለያል። የነርሶችን ምዝገባ የሚይዘው አፕራ የተረጋገጠ ኮፒ ሊጠይቅ ይችላል፤ ማን ሊያረጋግጥ እንደሚችልና ምን ብሎ መጻፍ እንዳለበትም ራሱ ያወጣው መመሪያ አለው። መመሪያውን አትመሽ ይዘሽ ሂጂ፤ የሚፈርምልሽ ሰው ሁሉ በቃሉ አያውቀውም።

የሚረጋገጠው ክምር እንዲህ ካነሰ በኋላ ለቀረው ጄፒ ፈልጊ። ጀስቲስ ኦፍ ዘ ፒስ የሚባሉት መንግሥት የሾማቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በቪክቶሪያ አገልግሎታቸው በነፃ ነው። ሰነድ መፈረሚያ ማዕከሎች በየሰፈሩ አሉ፤ ብዙዎቹ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ናቸው፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚቀመጡም አሉ። ሰዓታቸው አጭር ስለሆነ አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ፣ ስንት ሰነድ እንደያዝሽም ንገሪያቸው። በዚህ ክፍለ ሀገር ሕግ ፋርማሲስትም ፖሊስም ማረጋገጥ ይችላሉ፤ ግን ሰነዱን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን ሳታዪ አታስፈርሚ። ኖተሪ ፐብሊክ ዘንድ መሄድ አያስፈልጋችሁም። የኖተሪ ማኅተም በዋነኛነት ውጭ አገር ለሚላክ ሰነድ ነው፣ ዋጋውም ከባድ ነው።

ጄፒው ኮፒ አያነሣልሽም። ኦሪጅናሉንና ኮፒውን አጣምረሽ ይዘሽ ቅረቢ፤ ኮፒው በኤ4 ወረቀት፣ በአንድ ወገን ብቻ፣ ጠርዙ ሳይቆረጥ ይሁን። የዲግሪሽ ጀርባ ላይ ማኅተም ወይም ቁጥር ካለ ጀርባውም ይነሣ። ትራንስክሪፕቱ አራት ገጽ ከሆነ አራቱም በቅደም ተከተል ይታሰሩና ከ1 እስከ 4 ቁጥር ይጻፍባቸው። የሚያረጋግጠው ሰው ኦሪጅናሉን ማየቱንና ኮፒው ትክክለኛ መሆኑን የሚገልጸውን ቃል ይጽፋል፤ ከሥሩ ይፈርማል፣ ሙሉ ስሙን፣ ሙያውን፣ የምዝገባ ቁጥሩን፣ ስልኩንና ቀኑን ያሰፍራል፣ በቀሩት ገጾች ላይም አጭር ፊርማውን ያኖራል። ፎቶ ባለበት መታወቂያ ላይ ደግሞ አፕራ ተጨማሪ ቃል ይፈልጋል፤ ፎቶው የቀረበው ሰው ትክክለኛ መልክ መሆኑ ይጻፋል። ስለዚህ ለፓስፖርቱ ራስሽ መቅረብ አለብሽ፣ ጌታቸው ይዞልሽ ቢሄድ አይሆንም። ከጠረጴዛው ከመነሣትሽ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ገልብጪ። የቀን ወይም የቁጥር መጉደል ሰነዱን ያስመልሰዋል፤ ያኔ ደግሞ ወረፋው እንደገና ነው። ማኅተሙ የዩኒቨርሲቲውን ማኅተም ወይም ጽሑፍ እንዳይሸፍን ባዶ ቦታ አሳዪአቸው። የሚፈርመው ሰው ዘመድሽ ወይም አብሮሽ የሚኖር ሰው መሆን የለበትም።

ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የተላከልሽን ፒዲኤፍ አትመሽ ብትወስጂ ማንም አያረጋግጥልሽም። ሰውየው ኦሪጅናሉን በዓይኑ ካላየ መፈረም አይችልም፤ ልክም ነው። ውልና ማስረጃ ያረጋገጠው ኮፒም ቢሆን እዚህ እንደ ኦሪጅናል አይቆጠርም። ኦሪጅናሉ እናትሽ ቤት ከሆነ ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ እዚያው አዲስ አበባ ባለው የአውስትራሊያ ኤምባሲ በክፍያ ይረጋገጣል፣ ወይ ወደ አንቺ ይመጣል። ኤምባሲው በየሰነዱ ስለሚያስከፍል፣ ሰነዱ ብዙ ከሆነ ሁሉንም ሰብስቦ በአንድ ጥቅል በኩሪየር ወይም በታመነ መንገደኛ ማስመጣቱ የሚረክስ ይመስለኛል። ከመላኩ በፊት ግን እያንዳንዱ ገጽ ስካን ይደረግ፣ መንገድ ላይ ቢጠፋ መነሻ ይሆናችኋል። ዲግሪሽን ለጥንቃቄ ብለው ላሚኔት እንዳያደርጉትም ንገሪያቸው። ፕላስቲኩ ስካን ላይ ያበራል፣ ማኅተሙንም ያደበዝዛል።

ቤተሰብ ደግሞ ከደግነቱ የተነሣ ትምህርት ባለሥልጣን፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ኤምባሲ እያለ ሊሯሯጥ ይችላል። ያ ሰንሰለት ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ሥራ የሚጠየቅ ነው። እናንተን ማንም እስካልጠየቃችሁ ድረስ አይድከሙበት።

ወደ ትርጉሙ ልምጣ። እዚህ አገር የሚሠራ ትርጉም፣ ናቲ የሚባለው የተርጓሚዎች መዛኝ ድርጅት ዕውቅና በሰጠው ተርጓሚ መሆን አለበት፣ ዋጋውም በገጽ ወይም በቃል ይቆጠራል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ያለውን አታስተርጉሚ። የወሳኝ ኩነት የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፉ ናቸው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ገና ካልወጣ ሆስፒታሉ ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ እንዲጽፈው ጠይቂ፤ በደብዳቤ ራስጌ ላይ፣ የሥራ መደቡን፣ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን፣ የሳምንት ሰዓቱን፣ ዋና ዋና ተግባሮቹን፣ የፈራሚውን ስም፣ ኃላፊነትና ስልክ ይዞ። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ነገር ካለሽ ትርጉሙን አብረሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ማንበብ የማይችሉትን ጄፒዎች አንፈርምም ሊሉ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ቀኖቹን አደራ። ደብዳቤው «ከጥቅምት 2008 እስከ ሰኔ 2012 ዓ.ም.» ካለና ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ካሰፈረው፣ ገምጋሚው በ2015 የጀመርሽውን ሥራ በ2008 የጀመርሽው ያደርገዋል። ያኔ ዲግሪ ሳትይዢ ነርስ ሆነሽ የሠራሽ ትመስያለሽ፣ ጥርጣሬውም መላ ፋይሉን ይነካል። ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ፣ የትኛው የማን እንደሆነም ይገለጽ። ስለ አቆጣጠሩ ያለኝ ጥርጥር የሌለው መፈተኛ፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መዋሉ ነው፤ የተርጓሚውን ስሌት በእሱ አስተያዪው።

ሌላው ችግር የስም አጻጻፍ ነው። ፓስፖርትሽ ላይ ያለው የአያት ስም ዲግሪሽ ላይ ከሌለ፣ ወይም ፊደሉ ከተለያየ፣ የኮፒው መረጋገጥ ይህን አያስታርቅም። ስታቹቶሪ ዲክላሬሽን፣ ማለትም በሕግ ተጠያቂ የሚያደርግ የጽሑፍ ማረጋገጫ ቃል፣ አድርጊ፤ በሁሉም ሰነዶች ላይ ያለው ሰው አንድ ሰው መሆኑን፣ ልዩነቱን በየሰነዱ እየዘረዘርሽ ግለጪበት። የፌዴራሉ ቅጽ በነፃ ይገኛል፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮም በማይገቭ (በመንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት) በኩል ያለ ምስክር በዲጂታል ማድረግ ይቻላል። ያወቁትን ሐሰት እዚያ ላይ ማስፈር እስከ አራት ዓመት ያሳስራልና እርግጠኛ የሆንሽበትን ብቻ ጻፊ።

አገር ቤት ሰው ወክለሽ ሰነድ ማስወጣት ካስፈለገሽ ውክልናውን ካንቤራ ባለው ኤምባሲያችን በኩል ላኪ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ፣ ቀጥሎም ውልና ማስረጃ ይሄዳል። ይህ ጊዜ ይበላል፣ ስለዚህ አሁኑኑ ጀምሪው። ለቪዛው እንድታመለክቱ ሆም አፌርስ የሚልከው ግብዣ ከደረሳችሁ በኋላ ለማመልከት ያላችሁ 60 ቀን ብቻ ነው።

የሰነዶቹን ዝርዝር በየሚሄዱበት መሥሪያ ቤት ከፍለሽ ጻፊልኝና ላኪልኝ፤ የትኛው መረጋገጥ እንዳለበትና የትኛው እንደማያስፈልገው አብረን ምልክት እናደርግበታለን። ጌታቸውን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ።

እህትሽ ማርታ