የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ያልበሩትን መብራቶች ፍለጋ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የማይበሩትን የምልክት መብራቶች መለየትና የተቃጠሉትን አምፖሎች መቀየር። በመስከረም አባላት ሲመዘገቡ ሮቦት እንሥራ፣ ድሮን እንሥራ ያሉ ነበሩ። ፍላጎታቸውን አከብራለሁ። ሆኖም ባህር ዳር ውስጥ የምንሳፈርባቸው ሚኒባሶችና በግቢያችን ዛፍ ሥር የሚቆሙት ዲኤክስ ኮሮላዎች ብዙዎቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ተማሪ እጁን አስገብቶ የሚማርበት ኤሌክትሪክ እዚሁ ደጃችን ላይ አለ።

ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ ገና ሳይነሳ የዘይት፣ የባትሪና የመሳሰሉት ምልክቶች መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋሉ። ሾፌር አምፖሎቹ መሥራታቸውን የሚያውቀው በዚያች አፍታ ነው። የዘይቱ አምፖል ተቃጥሎ ከሆነ መንገድ ላይ የዘይት ግፊት ቢወርድም ቀዩ ምልክት አይበራም፤ ሾፌሩ ሰላም ነው ብሎ ይነዳል፣ ሞተሩ ይነክሳል (ዘይት አጥቶ ተጣብቆ ይቆማል)። ሚኒባስ ሞተሩ ነክሶ ሲቆም የሾፌሩም የረዳቱም የቤት ወጪ አብሮ ይቆማል። ይህን ሥራ አጥብቄ የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የጀመርነው በትምህርት ቤታችን ሚኒባስ ነው። ተማሪዎቹ ጋሼ የሚሏቸው ሾፌራችን ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን አቁመው፣ ልጆቹን አጠገባቸው ሰብስበው አሳዩን። «መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፤ ካቻቢቴ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው» ያሉት የክበባችን ሕግ ሆኗል። የዳሽቦርዱ ብሎኖች ይፈታሉ፣ የቆጣሪው ሣጥን ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይሳባል። በአሮጌ መኪኖች የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ኬብል ከኋላ ስለሚይዘው በጉልበት መጎተት አይገባም፤ እጅን ከኋላ አሾልኮ ኬብሉን ማላቀቅ ነው። ኤርባግ ያላቸውን መኪኖች ግን ተማሪ እንዲነካ አልፈቀድኩም።

ከሣጥኑ ጀርባ በስስ ፕላስቲክ ላይ የተዘረጉ የመዳብ መስመሮች አሉ፤ በየቀዳዳው ትንንሽ ሶኬቶች ተሰክተዋል። ሶኬቱ ሩብ ዙር ያህል ወደ ግራ ሲዞር ይወጣል። አምፖሏ ጥርስ የላትም፤ ከመስታወቷ ግርጌ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ወደ ላይ ታጥፈው ሶኬቱን ይነካሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንዷን አምፖል ወደ ብርሃን አንሥታ አየቻትና «ቲቸር፣ ይቺ እኮ አልተቃጠለችም!» አለች። እውነቷን ነው። ፊላመንቷ (ውስጧ ግሎ የሚያበራው ቀጭን ሽቦ) አልተበጠሰም፣ መስታወቷም አልጠቆረም። ከታጠፉት ሽቦዎች አንዷ ተጣማ ሶኬቱን አልነካችም ነበር። በጥፍሯ አቃናችው፤ ባትሪው ተመልሶ ቁልፉ ሲዞር ምልክቱ በራ። ከዚያ ወዲህ በክበባችን ሳይፈተሽ አዲስ አምፖል አይገዛም።

መፈተሹ ራሱ ጥሩ ትምህርት ሆነ። ከአምፖሎቹ ብዙዎቹ 12 ቮልት፣ 1.2 ዋት ናቸው። ተማሪዎቹ አስልተው ከረንቱ 0.1 አምፔር፣ ሬዚስታንሱ 120 ኦም መሆን አለበት አሉ። በቴስተር ሲለኩት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ቁጥር ወጣ፤ ቴስተሩ ተበላሽቷል የሚል ክርክር ተነሣ። ፊላመንቱ የተሠራበት ብረት፣ ተንግስተን፣ ሲግል ሬዚስታንሱ እንደሚጨምር፣ እነሱ የለኩት ደግሞ የቀዘቀዘውን ሽቦ መሆኑን ራሳቸው ደረሱበት። አምፖል ብዙ ጊዜ ልክ ሲበራ የሚቃጠለው ለምን እንደሆነም ከዚሁ ተረዱ፤ ሽቦው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ከፍ ያለ ከረንት ያልፍበታል። ሰሌዳ ላይ ብቻ ባስተምረው ይህን ያህል የሚይዙት አይመስለኝም።

ከሁሉ ያስደነቃቸው የባትሪው ምልክት ነው። የአንድ መምህር ኮሮላ ባትሪው በየጊዜው ይደክም ነበር። ቁልፍ ሲዞር የባትሪው ምልክት አይበራም። በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ዲናሞ ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው ትንሽ ከረንት የሚደርሰው በዚያችው አምፖል በኩል ነው። የዲናሞው ተሽከርካሪ ክፍል፣ ሮተሩ፣ በዚያ ከረንት መግነጢስ ይሆናል፣ ሞተሩ ሲያዞረው ቻርጅ ያደርጋል። ያኔ በአምፖሏ ሁለት ጫፎች ያለው ቮልቴጅ እኩል ስለሚሆን ትጠፋለች። አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። የዚያ ኮሮላ ችግርም ይኸው ነበር፤ አምፖሏ ስትቀየር ሞተሩ ተነሥቶ ባትሪው ላይ የተለካው ቮልቴጅ ወደ 14 ከፍ አለ። ልጆቹ በጭብጨባ ግቢውን አናጉት።

በፊዚክስ ክፍለ ጊዜም ይህንኑ ከጢስ ዓባይ ጋር አገናኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ማመንጫ፣ ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ የዓባይን ውኃ ተጠቅሞ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ኖሯል። የዚያን ዓይነት ትልቅ ጄኔሬተር ሮተርም መግነጢስ የሚሆነው ከረንት ሲሰጠው ነው።

አምፖል ለሚገዙ ወላጆች ሁለት ነገር ልጨምር። እንደ አይሱዙ ያሉ የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ 24 ቮልት ስለሆኑ የ12 ቮልት አምፖል ከገባባቸው ወዲያው ይቃጠላል። ኤልኢዲ ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይለያል፤ ካልበራ አዙሮ መሰካት ነው። በባትሪው ምልክት ቦታ ግን የሚያሳልፈው ከረንት አነስተኛ ስለሆነ የቀድሞውን ዓይነት አምፖል መልሱ። ምልክቶቻቸው በቦርዱ ላይ የተበየዱ አዳዲስ መኪኖች ለባለሙያ ይተዉ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና ስለተደራረበ ሥራው ቀዝቅዞ ነበር፤ በግንቦት ግን የ9ኛ ክፍል አባላት በወላጆች ቀን የቆጣሪ ሣጥን ፈትተው አሳይተዋል። ለመጪው ዓመት የሚያስፈልጉን አንድ ተጨማሪ ቴስተርና ተማሪዎች ደጋግመው የሚፈቱት፣ የሚገጥሙት አሮጌ የቆጣሪ ሣጥን ነው። በጋራዥ ወይም በቤት የተጣለ ያላችሁ ወላጆች፣ ቢሰበርም ግድ የለም፤ ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ላኩልን።